አልካላን በእግር፣ መልሱን ውስጥ ለውስጥ፦ ከማድሪድ የአንድ ቀን ጉዞ አሠራር

አልካላ ዴ ኤናሬስ ከማድሪድ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። አብዛኛው ሰው ጠዋት ኤ-2 በሚባለው ፈጣን መንገድ ይሄዳል፣ ከሰዓት በዚያው ይመለሳል። እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። አንድ ቀን ግን ካርታ ላይ ከአልካላ ዝቅ ብሎ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉኤንቴስ የሚል ትንሽ ስም አየሁና ክው አልኩ። ፔድሮ ፓኤዝ የተወለደባት መንደር ናት። ግሽ ዓባይን አይቶ የጻፈው፣ ጎርጎራ ላይ የሞተው ሰው። ከዚያ ወዲህ ከአልካላ በኤ-2 ተመልሼ አላውቅም።

ጠዋት ከተማዋን በእግር እናያለን፣ ከሰዓት በገጠሩ መንገድ ዞረን ማድሪድ እንገባለን። ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት እነሱ ዘንድ 9 ነው፣ ከሰዓት 8 ደግሞ 14። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ቀኑን በደንብ ምረጡ። ሰኞ አትሂዱ፤ ሰኞ የሚዘጋ ሙዚየም ብዙ ነው። ቅዳሜ ጥሩ ነው። ከወራቱ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ጥቅምት ይመረጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት በእግር የሚያስኬድ አይደለም።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ ትንሿን ውሰዱ። የመንደሮቹ መንገድ ጠባብ ነው። ኪራይ ቤቶቹ ጋ የሚበዛው ማኑዋል ስለሆነ አውቶማቲክ የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ቁልፉን እንደተቀበላችሁ መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ጎማዎቹንና የበሮቹን ታች ሳትረሱ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልቀርጽ ወጥቼ፣ ያልጫርኩትን ጭረት ከፍያለሁ። ማስረጃ አልነበረኝም። መንጃ ፈቃዳችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ ከሆነ ዓለም አቀፉንም መንጃ ፈቃድ አብራችሁ ያዙ።

የነዳጅ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ማደያው ላይም የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይም ምልክት አለ። በክብ ውስጥ «ኢ» ካለ ቤንዚን ነው፣ በአራት ማዕዘን ውስጥ «ቢ» ካለ ናፍጣ። በስፔንኛ «ጋሶሊና» ቤንዚን፣ «ጋሶሌዮ» ወይም «ዲዬሴል» ናፍጣ ነው። ሁለቱም በ«ጋስ» ስለሚጀምሩ በስሙ ሳይሆን በምልክቱ ተማመኑ።

ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ስፔን ውስጥ የተመዘገበ መኪና ሲበላሽ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ቀርቶ ጣሪያው ላይ የሚለጠፍ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ መብራት ነው የሚያስፈልገው። የት እንደተቀመጠ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። የድንገተኛ ስልክ 112 ነው።

ቀጥሎ ማፑን አዘጋጁ። የዚህ ጉዞ ቁልፉ እዚህ ነው። «ማድሪድ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ስልካችሁ ጎትቶ ወደ ፈጣኑ መንገድ ይመልሳችኋል። ስለዚህ «ፈጣን መንገድ አስወግድ» የሚለውን ምርጫ አብሩና ስሞቹን በዚህ ቅደም ተከተል አስገቡ፦ አልካላ፣ ቪያልቢያ፣ ኮርፓ፣ ኑዌቮ ባስታን፣ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉኤንቴስ፣ አምቢቴ፣ ኦሩስኮ፣ ካራባኛ፣ ቲዬልሜስ፣ ፔራሌስ፣ ሞራታ፣ ቺንቾን። ማፑ ይህን ሁሉ ቦታ አንድ ላይ አልቀበልም ካለ ለሁለት ክፈሉት። ኔትወርክ ሸለቆ ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል ካርታውን ዳውንሎድ አድርጉ። ከአልካላ እስከ ማድሪድ ጠቅላላው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አልካላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

መኪናውን ከአሮጌው ከተማ ውጭ አቁሙ። ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ቦታ ይከፈልበታል፣ ቢጫው አይቆምበትም። ውስጡ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሁሉም በእግር ይደረሳል።

ከሴርቫንቴስ አደባባይ ጀምሩ፤ ሴርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ»ን የጻፈው፣ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው። አደባባዩ ላይ ቡና ጠጥታችሁ ወደ ሳን ኢልዴፎንሶ ኮሌጅ ሂዱ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1499 የመሠረተው ዩኒቨርሲቲ እምብርት ነው። ፊት ለፊቱ የተቀረጸው ድንጋይ በሮድሪጎ ጂል ዴ ኦንታኞን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራ ነው። ውስጡ በአስጎብኚ ነው የሚታየው፤ እንደደረሳችሁ ትኬት ቁረጡና ሰዓታችሁን ያዙ። በየዓመቱ ኤፕሪል 23 ግድም የስፔን ንጉሥ የሴርቫንቴስን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሚሰጡበት አዳራሽ እዚህ ነው። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩት።

ፊደል ለሚወድ ሰው ግን የዚህች ከተማ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ሲስኔሮስ ዕብራይስጡን፣ ግሪኩን፣ ላቲኑንና አረማይኩን ጎን ለጎን ያስቀመጠውን መጽሐፍ ቅዱስ ያሳተመው እዚህ አልካላ ነው፤ ከ1514 እስከ 1517፣ በ6 ቅጽ። ግዕዝ አልገባበትም። የእኛ ፊደል ግን ያኔ በማተሚያ ቤት አዲስ አልነበረም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1513፣ የግዕዙ መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ ታትሟል። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከኮሌጁ አጠገብ የሳን ዲዬጎ ገዳም አለ። ሴት መነኮሳቱ በስኳር የተቆላ አልመንድ ይሸጣሉ። አገዛዙን ልንገራችሁ። ስትገቡ ሰው የለም። ግድግዳው ውስጥ እንደ በርሜል ቀጥ ብሎ የቆመ የእንጨት ማዞሪያ አለ። ደወሉን ትደውላላችሁ። ከወዲያ በኩል «አቬ ማሪያ ፑሪሲማ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ መልሱ «ሲን ፔካዶ ኮንሴቢዳ» ነው፣ ባትችሉ «ቡዌኖስ ዲያስ» ማለት ይበቃል። ስንት እንደምትፈልጉ ትናገራላችሁ፣ ገንዘቡን ማዞሪያው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ እንጨቱ እየተንቋቋ ይዞራል፣ አልመንዱና መልሱ ይመጣሉ። ፊት አይታይም። ዝርዝር ብር ያዙ። ለመንገዱም አንድ ጥቅል ጨምሩ።

አሁን በአደባባዩ ተመልሳችሁ ካዬ ማዮር ግቡ። በሁለቱም በኩል በዓምድ የተደገፈ መተላለፊያ ያለው ረጅም መንገድ ነው፤ ፀሐይም ዝናብም አይነካችሁም። ጥንት የአይሁድ ሰፈር ዋና መንገድ ነበር፤ በ1492 ከስፔን እስኪባረሩ ድረስ። እመሃሉ ላይ የሴርቫንቴስ ቤት አለ፤ በሩ ላይ የመጽሐፉ ሰዎች ዶን ኪሆቴና ሳንቾ ፓንሳ፣ በነሐስ ተሠርተው፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፎቶ የሚነሳው ሰው አይጠፋም። ሴርቫንቴስ ክርስትና የተነሳው በ1547፣ ኦክቶበር 9 ነው። ቤቱ ራሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተሠራ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። የውስጥ ግቢውንና ጉድጓዱን እዩ።

መንገዱ የሚያልቀው ካቴድራሉ ጋ ነው። እዚህ አትቸኩሉ። ካቴድራሉ በሁለት ሕፃናት ስም ነው፣ ሁስቶና ፓስቶር። በትውፊቱ አንዱ 7፣ ሌላው 9 ዓመቱ ነበር። በ304 ዓ.ም ግድም፣ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ዘመን፣ ክርስቶስን አንክድም ብለው ተሰዉ። ሕፃኑ ቂርቆስን ሲሰማ ላደገ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ከመሠዊያው በታች ወዳለው ምድር ቤት ውረዱ። ስማቸውን ያዙልኝ፤ ከሰዓት መንገድ ላይ እናገኛቸዋለን።

ስትወጡ ማማው ላይ ሽመላዎቹን ፈልጉ። አልካላ የሽመላ ከተማ ናት። ጎጇቸው ትልልቅ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ምንቃራቸውን ሲያጋጩ እንደ ከበሮ መቺ ናቸው።

ምሳ

እዚህ አገር ምሳ ከ7:30 በፊት አይቀርብም፣ ከ10 ሰዓት በኋላም ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ይህን ሳላውቅ አንድ ቀን «መንደር ላይ እበላለሁ» ብዬ ወጣሁና ከ10 ተኩል በኋላ ሁሉም በር ተቆልፎ አገኘሁት። እስከ ማታ የጠበቀኝ አልመንዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ አልካላ ላይ በልታችሁ ውጡ። «መኑ ዴል ዲያ» የሚባለውን ጠይቁ፤ አንደኛ ምግብ፣ ሁለተኛ ምግብ፣ ዳቦ፣ ብዙ ጊዜም መጠጥና ጣፋጭ በአንድ ዋጋ ይመጣል።

የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ ሁለት ቃል ያዙ፦ «ሲን ሴርዶ» ያለ አሳማ፣ «ሲን ሃሞን» ያለ ሃሞን፣ ማለትም ያለ ደረቁ የአሳማ ሥጋ። ሁለቱንም በሉ፤ ባቄላ ወጥና ሾርባ ውስጥ ሳይቀር ይገባልና። በጾም ቀን «ቬጋኖ» ማለት ከማብራራት ይሻላል። ሰላጣ ሲያዝዙ «ሲን አቱን» ጨምሩ፣ አለዚያ ቱና ይነሰነስበታል። ጣፋጭ የሚፈቀድላችሁ ኮስትራዳ ቅመሱ፤ የአልካላ ነው፣ በክሬምና በአልመንድ የተደረበ ስስ ሊጥ።

መኪናው ውስጥ፣ 9 ሰዓት

በገጠሩ መንገድ የፍጥነት ጣሪያው 90 ነው። መንደር ውስጥ አንድ አንድ መስመር ባለው መንገድ 30፤ ከዚያ በላይ 50። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ውስጥ ላለው ነው። ቅዳሜና እሑድ ብስክሌት ነጂ ይበዛል። ስታልፏቸው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ፤ ከፊት ማንም ካልመጣ ለዚህ ሲባል ያልተቆረጠውን መስመር መሻገር ይፈቀዳል። ካልታያችሁ ግን ከኋላቸው ቀስ በሉ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሱ እንጂ ፍሬን ላይ አትቁሙ። የሚነዳው ሰው አልኮል አይቅመስ፤ ቺንቾን ስንደርስ ለምን እንደምል ይገባችኋል።

የኤናሬስን ወንዝ ከኋላ ስትተዉ መሬቱ ከፍ እያለ ሜዳ ይሆናል። የስንዴ ማሳ፣ ጥቂት የወይራ ዛፍ፣ ራቅ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ማማ። መኪና እምብዛም የለም።

ኑዌቮ ባስታን ላይ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ሁዋን ዴ ጎዬኔቼ የተባለ የናቫራ ባለሀብት በ1709 እና በ1713 መካከል፣ በሆሴ ዴ ቹሪጌራ ንድፍ፣ ከዜሮ ያሠራት የፋብሪካ መንደር ናት። ሠራተኛው ከፋብሪካው አጠገብ እንዲኖር ታስቦ ነው የተቀየሰችው፤ መስታወት ይሠራባት ነበር። ፋብሪካው አልሰነበተም። ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ግን አንድ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል። ከኋላ ያለውን ሰፊ አደባባይ ሳታዩ አትሂዱ።

ኦልሜዳ፣ 10 ሰዓት ግድም

ከኑዌቮ ባስታን ብዙም አይርቅም። መንገዱ ሜዳውን ትቶ ወደ ሸለቆ ሲያዘቀዝቅ ነጫጭ ቤቶች ገደሉ ላይ ተለጥፈው ብቅ ይላሉ። መኪናውን መግቢያው ላይ አቁሙ። ወደ ውስጥ በመኪና አትግቡ፤ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ መዞሪያ ያሳጣችኋል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉት፣ ቀሪውን በእግር ውጡ።

ትልቅ ሐውልት ፍለጋ አትምጡ። የሚታየው መንደሯ ራሷ ናት፦ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ዳገት፣ ውኃ። ፉኤንቴስ ማለት ምንጮች ማለት ነው። ፓኤዝ በ1564 ሲወለድ ግን በሽንኩርት ነበር የምትጠራው፣ ኦልሜዳ ዴ ላ ሴቦያ። የምንጮች ስም የመጣላት በኋላ ነው።

እዚህ ቁጭ ብላችሁ የሰውየውን መንገድ አስቡት። ከዚህች ዳገት ተነስቶ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር መነኩሴ) ሆነ፣ ህንድ ውስጥ ጎዋ ደረሰ። ወደ ኢትዮጵያ ሲያቀና ተይዞ በየመን 7 ዓመት ያህል በምርኮ ቆየ። እዚያ ሳለ «ቡን» ከሚሉት ፍሬ ተፈልቶ የሚጠጣ ነገር እንደቀረበለት ጽፏል። ስሙን ለእኛ ማን ይተረጉምልናል! በ1603 ምጽዋ ገባ። አማርኛም ግዕዝም ተማረ፣ አፄ ሱስንዮስ ቀረቡት፤ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ከእሳቸው ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን አየ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የደረሰው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1770 ነው።

«የዓባይን ምንጭ አገኘ» የሚለው አባባል ለእኔ አይዋጥልኝም። የሰከላ ሰው ምንጩን ከጥንት ያውቀዋል፣ ጸበሉን ይጠጣዋል። ፓኤዝ ያደረገው አይቶ መጻፉ ነው፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። ታሪኩ ጣፋጭ ብቻ እንዳልሆነም አንርሳ። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፣ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ፣ ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ደም አገር አስለቀሰ። በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ያንን ሁሉ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚህች ጸጥ ያለች መንደር ውስጥ ሲቆም የሚሰማው ነገር የተደባለቀ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንድ አዛውንት በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ከየት ነህ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው በትራቸውን ወደ ላይኛው ሰፈር ቀስረው «ፓድሬ ፓኤስ» አሉ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ። ከዚያ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ሰላምታ ስጡ፤ «ቡዌናስ ታርዴስ» ሳይሉ በሰው ደጅ ማለፍ እዚህም ነውር ነው።

የታሁኛ ሸለቆ

ከኦልሜዳ ወደ አምቢቴ ስትወርዱ የታሁኛ ወንዝ ይቀበላችኋል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ወንዙን እየተከተለ ይሄዳል፤ በስተጎን አትክልት፣ ከላይ ነጭ ገደል። አጠገባችሁ የምታዩት የብስክሌት መንገድ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ከአርጋንዳ አምቢቴ ድረስ 49 ኪሎ ሜትር ነው። የአካባቢው ሰው ባቡሩን «ከሚሄደው የሚጮኸው ይበልጣል» ይለው ነበር። እግራችሁን ማፍታታት ከፈለጋችሁ አምቢቴ ወይም ኦሩስኮ ላይ አቁማችሁ ሃያ ደቂቃ ተራመዱበት።

ካራባኛ ላይ የወይራ ዘይት ግዙ፣ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ቲዬልሜስ። ጠዋት ካቴድራሉ ውስጥ ያየናቸው ሁስቶና ፓስቶር የተወለዱት እዚህች መንደር እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል። ሁለት ልጆች ከዚህ ተነስተው አልካላ ድረስ የሄዱትን መንገድ እናንተ ወደኋላ ነዳችሁት ማለት ነው። መኪናውን አቁሙና ወደ ወንዙ በኩል አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

ፔራሌስና ሞራታን ዝም ብላችሁ እለፏቸው።

ቺንቾን፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ግድም

ጥቅምት ላይ ከሆናችሁ ቀኑ ስለሚያጥር ከሸለቆው ቆይታ ቀንሱ፤ ግንቦት ላይ ፀሐይ እስከ ማታ 3 ሰዓት ትቆያለች። መኪናውን ዳር ላይ ትታችሁ ውረዱ።

ዋናው አደባባይ ክብ ይመስላል፣ ክብ ግን አይደለም። ዙሪያውን 234 የእንጨት በረንዳ ከብቦታል፣ አረንጓዴ ተቀብቷል። ወዲያው አትቀመጡ። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውጡና አደባባዩን ቁልቁል እዩት። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ከሆነ ከዋናው መሠዊያ በላይ ያለውን ሥዕል እዩ፤ የእመቤታችን ዕርገት ነው፣ ጎያ በ1812 የሣለው። ወንድሙ እዚህ ካህን ነበር።

ከዚያ ወርዳችሁ በረንዳ ሥር ተቀመጡ። የከተማዋ መጠጥ አኒስ ነው፣ ብርቱ ነገር፣ ለእኛ ከኡዞ የሚቀራረብ። የሚነዳው ሰው ቡናውን ይጠጣ፤ ጠርሙሱን ለቤት መግዛት ይችላል። ነጭ ሽንኩርቷም ስም አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለብቻችን። የወባ መድኃኒት የሚወጣበት ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ሲንኮና ነው፤ ስሙ የወጣው በቺንቾን ባላባት ሚስት ነው። እመቤቲቱ ፔሩ ላይ በቅርፊቱ ተፈወሱ የሚለውን ታሪክ ሊቃውንቱ እንደ ተረት ያዩታል፣ ስሙ ግን ቀርቷል። ከዚያ ቅርፊት የወጣው ኩዊኒን ደግሞ እኛ ጋ ሲደርስ «ኪኒን» ሆኖ የማንኛውም እንክብል መጠሪያ ሆነ።

የመጨረሻው መንገድ

እስከ ማድሪድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። አሁን «ፈጣን መንገድ አስወግድ» የሚለውን አጥፉና ኤ-3ን ያዙ። የምትነዱት ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ የምትጠልቀው ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች። ሳትነሱ የፊት መስታወቱን በደንብ ጥረጉ፣ መነጽር ያዙ። እሑድ ማታ ከሆነ መግቢያው ይጨናነቃል፤ ቺንቾን ላይ አንድ ሰዓት ቆይቶ መነሳት ይሻላል። የኪራይ መኪና ከሆነ ነዳጁን ከተማ ሳትገቡ ሙሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ስታስረክቡም ዙሪያውን እንደገና በቪዲዮ ቅረጹ። የመነኮሳቱ አልመንድ ከኋላ ወንበር ሥር እንዳይረሳ።